ተከራይ ያጣ ወር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቤቱን ኮንዶሚኒየም ገዝቶ፣ ጥቂት ዓመት ኖሮበት፣ ኋላ ሊያከራየው ስላሰበ ሰው እንነጋገራለን።

ስለ ኪራይ ላሊበላ አስተማሪ አያሻትም። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ከተማዋ የምትሆነውን ታውቃላችሁ። በእግሩ ቀናት ተጉዞ የመጣውን ምእመን እግሩን አጥቦ፣ እህል ውሃ አቅርቦ የሚቀበለው ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ኪራይ አይደለም፣ የአገሩ ወግ ነው። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ሆቴሉ ሞልቶበት መኝታ ፍለጋ የሚዞር እንግዳ አለ። ባለቤቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ጓዳ ይገቡና ሳሎኑን ይለቁለታል። ለዚያች ሌሊት የሚከፈለው ዋጋ በሐምሌ ከሚጠየቀው ጋር አይገናኝም።

አሁን ልብ በሉልኝ። በገና ሌሊት የተቀበለውን ገንዘብ በ365 አባዝቶ "የዓመት ገቢዬ ይህን ያህል ነው" የሚል የላሊበላ ሰው የለም። ቢኖርም ጎረቤቱ ይስቅበታል። ያው ሰው ስለ አዲስ አበባ ወይም ስለ ባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም ሲያወራ ግን ወርኃዊ ኪራዩን በ12 ያባዛና ሒሳቡን ይዘጋዋል። የዛሬው ነገራችን እዚህች ማባዛት ላይ ነው።

ተከራይና እንግዳ ሊጠፋ እንደሚችል ከላሊበላ በላይ የሚያውቅ የለም። በመጋቢት 2012 ኮሮና አገር ውስጥ ሲገባ ጎብኚ ቀረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ መጣ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስም ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆየች። ትንሽ ተነፈሰች ሲባል በ2015 ማብቂያ እንደገና ግጭት ሆነ። በእነዚያ ጊዜያት ለሆቴል ግንባታ የተበደረ፣ መኪና በዱቤ ያወጣ፣ ከእንግዳ በሚያገኘው ቤተሰብ የሚያስተዳድር አስጎብኚ ምን እንደደረሰበት እዚህ መተረክ አያስፈልግም። እንግዳው ቀረ እንጂ የባንክ ዕዳው አልቀረም።

ንግግራችን መሬት እንዲይዝ አንዲት መምህርት እናስብ። ሴትየዋ ምሳሌ ናት። ላሊበላ ተወልዳ አድጋለች፣ ወደ አዲስ አበባ ሥራ ተዛውራለች፣ ጥቂት ቁጠባ አላት፣ እቁብም ትጥላለች። ዕቅዷ ኮንዶሚኒየም ገዝታ አምስት ስድስት ዓመት ልትኖርበት፣ ከዚያ ወደ አገሯ ስትመለስ አከራይታው በኪራዩ ልትደጎም ነው። ጥሩ ዕቅድ ነው። የሚፈርስበትን ቦታ ካወቀችው ደግሞ የበለጠ ጥሩ ይሆናል።

በቅድሚያ፣ ኮንዶሚኒየሙን ከየት ታገኘዋለች? የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ገርጂ ላይ በሙከራ ነበር፤ በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ሰፋና ጀሞ፣ ጎተራ፣ ሰሚት፣ በኋላም የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ ደረሰ። ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን እንደ አዲስ አበባው አልሰፋም። በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች ምዝገባ ሲከፈት ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ20/80 ባለ አንድ መኝታ የተመዘገበ በወር 274 ብር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መቆጠብ ጀመረ። የቁጥሮቹ ትርጉም ቀላል ነው፤ በ20/80 ገዢው ከዋጋው 20 በመቶውን ያዋጣል፣ ቀሪውን ባንክ ያበድረዋል። አብዛኛው ተመዝጋቢ ግን ቆጥቦም ዕጣው አልወጣለትም። በሐምሌ 2014 ከ25 ሺህ ለሚበልጡ ቤቶች የወጣው ዕጣ እንኳ የኮምፒውተር መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደገና ወጥቷል።

ለመመዝገብ ደግሞ በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ነዋሪ መሆን ግድ ነበር። ስለዚህ መምህርታችን ያላት መንገድ ዕጣ ከደረሰው ሰው መግዛት ወይም ከግል አልሚ መግዛት ነው። የግል አልሚውን ለሌላ ቀን እናቆየው፤ ያልተሠራ ቤት መግዛት ራሱን የቻለ አርእስት ነው። ዕጣ ከደረሰው ሰው መግዛት ላይ ግን እንቆይ። ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን 5 ዓመት ሳይሞላው መሸጥ አይችልም፤ ማከራየት ይችላል። ገበያው ይህችን ክልከላ የሚዞርበት ዘዴ አበጅቷል። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበልና ለገዢው ውክልና ይሰጠዋል። ገዢው ቁልፍ ተረክቦ ይገባል፣ የባንኩን ወርኃዊ ክፍያ በሻጩ ስም ይከፍላል፣ "5 ዓመቱ ሲሞላ ስም እናዛውራለን" ይባባላሉ። ደላላው "ሁሉም እንዲህ ነው የሚገዛው" ይላል፤ እውነትም ብዙ ሰው እንዲህ ይገዛል። ግን አስቡት። ውክልና የሰጠ ሰው ሲሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል። ሻጩ በሦስተኛው ዓመት ቢሞት ቤቱ በመዝገብ የእሱ ነው፣ ወራሾቹም ይመጣሉ። ውክልናውን ሊሽረውም ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን 1723ኛ አንቀጽ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ ሦስት ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ቤት አያዛውርም። ሽማግሌ የምናከብር ሰዎች ነን፣ ግን የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱን ቦታ ሽማግሌ አይተካም።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛም ይፈርም። ባል ብቻውን የፈረመበትን ሽያጭ ሚስት በፍርድ ቤት ልታስፈርሰው ትችላለች፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። እንግዲህ ለመምህርታችን የምንላት አንድ ነገር ነው፤ 5 ዓመቱ የሞላ፣ ካርታው በሻጩ ስም የወጣ፣ ስሙ ወዲያው ወደ እሷ ሊዛወር የሚችል ቤት ትፈልግ። እንዲህ ያለው ቤት ዋጋው ከፍ ይላል፤ ይበል። የዋጋው ልዩነት እንቅልፍ ተኝታ የምታድርበት ነው። ለስም ማዛወሪያው ከቤቱ ግምት 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ እንዳለና ሌላም የአገልግሎት ክፍያ እንደሚከተል ከወዲሁ ታስብ፤ ብዙ ገዢ ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው ይህን የሚሰማው።

ወደ ብድሩ እንምጣ። ቀድሞ የቤት ብድር የሚታወቀው በኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ነበር፤ እሱ ከንግድ ባንክ ጋር ተቀላቅሏል። በ2014 ዓ.ም. ለቤት ብድር ብሎ የተቋቋመው ጎህ ቤቶች ባንክ ሥራ ጀምሯል፣ ሌሎች የግል ባንኮችም ያበድራሉ። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አበጀ። ገደቡ ኋላ ላይ ከፍ ቢልም፣ ባንክ የሚያበድረው ሲያንሰው መጨረሻ ላይ የሚቆመው የደመወዝተኛ የቤት ብድር ነው። ስለዚህ "ብድሩ ይወጣልኛል" ብሎ የማይመለስ ቀብድ መክፈል አይገባም። ከባንኩ በጽሑፍ የተሰጠ መልስ ይቅደም።

እቁቡን ለቅድመ ክፍያው ማዋል ጥሩ ነው፤ ብዙ ቤት የቆመው በእቁብ ነው። ዕጣዋ ቀድሞ ከወጣላት ግን ቀሪውን የእቁብ መዋጮና የባንኩን ክፍያ በአንድ ደመወዝ ልትሸከም ነው። ሁለቱን ደምራ ትየው። ባንኩም እንደ እቁቡ ዳኛ "እስቲ ወር ጠብቁኝ" ተብሎ አይለመንም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው በሐራጅ ሊሸጠው ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው መለኪያ አንድ ነው። ወርኃዊ የባንክ ክፍያው ከመምህርታችን ደመወዝ ብቻ፣ ያለ ምንም ኪራይ፣ መክፈል የሚቻል መሆን አለበት። "ኪራዩ ይከፍለዋል" የሚል ዕቅድ ተከራይ ባጣበት ወር ይወድቃል።

ቤቱን አገኘች እንበል። ራሷ ልትኖርበት ማሰቧን በጣም እንወድላታለን። ዕጣ የደረሳቸው ብዙ ሰዎች ቁልፍ እንደተረከቡ አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ቤት ይከራያሉ። ችግር ነው፣ አንፈርድባቸውም። ነገር ግን ኖሮበት ያከራየ ሰው የሚያከራየውን ያውቀዋል። አራተኛ ፎቅ ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚወጣ፣ በፈረቃ ሲመጣ ሌሊት ስንት ሰዓት ሮቶ እንደሚሞላ፣ የማን ቧንቧ ወደ ማን ጣራ እንደሚያንጠባጥብ፣ አሊያም ታችኛው ሱቅ ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፍት። ሊፍት የሌለው አራተኛ ፎቅ ለጎረምሳ ተከራይ ምንም አይደለም፤ እናቷ ከላሊበላ ለሕክምና ሲመጡ ግን ደረጃው ይበዛል።

ላስታ ለፎቅ እንግዳ አይደለም። ባለ ሁለት ደረጃ ክብ የድንጋይ ቤት ከጥንትም ነበረን። የዚያ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ባለቤቱ ያውቃል፣ ይጠግናል። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ጣሪያው የሁሉም ነው፤ የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ጠጋኝ ያጣል። ለዚህ ነው በ1995 የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ባለቤቶቹ በማህበር እንዲደራጁ የሚያደርገው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ የውሃ መስመሩ የጋራ ነው፤ ለጥበቃ፣ ለፅዳት፣ ለፍሳሽ ማስመጠጫና ለውሃ መግፊያ ሞተር መዋጮ አለ። ብዙ ሳይቶች ላይ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ልብስ የሚታጠብበት የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃም አለ። ለፋሲካ በግ የምታርድ ሰው ይህ ሕንፃ ለተሠራበት ሥራ እየዋለ ወይስ ለመጋዘን ተከራይቶ እንደሆነ ከመግዛቷ በፊት ብትጠይቅ አይከፋም።

የሚሸጠውን ቤት ለማየት እኔ ክረምትን እመርጣለሁ። መምህርታችን በሐምሌና በነሐሴ ጊዜ አላት። ዝናብ በጣለ ማግስት የመጨረሻውን ፎቅ ጣሪያና የመታጠቢያ ቤቱን ጥግ ማየት ከአሥር ደላላ ምስክርነት ይበልጣል። ቀለሙ ትናንት የተቀባ ቤት ካጋጠማት ለምን እንደተቀባ ትጠይቅ።

አሁን ወደ ኪራዩ እንግባ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለአከራይ ነገሩን ቀይሮታል። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ይሠራል፤ በክልሎች ደግሞ ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል።

ይህ ለመምህርታችን ምን ማለት ነው? በመጀመሪያ ላይ የምትስማማው ዋጋ ለረጅም ጊዜ አብሯት ይኖራል። የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ተቀብላ የባንኩን ውዝፍ መዝጋት አትችልም። "ለስድስት ወር አከራየዋለሁ፣ ከዚያ እህቴ ትገባበታለች" የሚለውም አይሠራም፤ ተከራዩ ውሉን እስካከበረ ድረስ 2 ዓመቱን ይኖራል። አከራዮች በዚህ ሲያማርሩ እንሰማለን። እኛ ግን አዋጁ የተጻፈው በየሦስት ወሩ ኪራይ ሲጨመርባቸው ከነልጆቻቸው ዕቃ ጭነው ለሚዞሩ ሰዎች መሆኑን አንረሳም፤ መምህርታችን ራሷም ቤት ከመግዛቷ በፊት ከእነሱ አንዷ ነበረች። ደግሞስ ተከራይ ሁለት ዓመት ሲቆይ ለአከራይ የሚያተርፈው አለ፤ ቤቱ ባዶ የሚውልበት ወር ይቀንሳል።

በወረቀት እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዟቸው። ኪራዩ በወር 10,000 ብር ነው እንበል፣ የባንኩ ክፍያ 6,500። ጎረቤት "በወር ሦስት ሺህ አምስት መቶ ይተርፋታል" ይላል። አሁን ዓመቱን እንቁጠር። በ12 ብናባዛ 120,000 ይሆናል። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ፣ ቤቱ ተቀብቶ እስኪደርቅ ሁለት ወር ባዶ ከሆነ 100,000 ይቀራል። ለቀለም፣ ለቧንቧና ለደላላ 10,000 አውጡለት፤ 90,000። የማህበሩ መዋጮ በወር 500 ቢሆን በዓመት 6,000 ነው፤ 84,000። ባንኩ በዓመት 78,000 ይወስዳል። የቀረው 6,000 ብር ነው፤ በወር 500። ግብር ገና አልተነሣም። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ "ለ" የሚጠየቅበት ገቢ ነው፣ ውሉ ተመዝግቦ ክፍያው በባንክ ሲያልፍም ለግብር ሰብሳቢው ግልጽ ሆኖ ይታያል።

ታዲያ አትግዛ እያልን ነው? አይደለም። በወር 500 ብር እየተረፈ የባንኩ ዕዳ በተከራይ ገንዘብ እየተከፈለ ከሆነ፣ ቤቱ በዝግታ የእሷ እየሆነ ነው። ዕዳው የተበደረችው ብር ነው፣ ኪራይ ግን፣ አዋጁ በሚፈቅደው ልክ፣ ከኑሮ ውድነት ጋር ይሄዳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ሲተመን ብር ምን ያህል እንደወረደ ያየ ሰው፣ ቤት ያለውና ጥሬ ብር የቆጠበ እኩል እንዳልተጎዱ ያውቃል። የምንለው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትርፍ ለጡረታዋ እንጂ ለዳቦዋ አይደለም። ላሊበላ ስትመለስ በኪራዩ ልትኖር ካሰበች፣ ከመመለሷ በፊት ከባንኩ ዕዳ ምን ያህሉን መክፈል እንዳለባት አሁኑኑ ታስላ።

"ለምን እዚሁ ላሊበላ አትሠራም?" የሚል አድማጭ አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። በቤት ሥራ ማህበር ተደራጅቶ ቦታ መጠበቅ፣ ወይም በሊዝ መጫረት ሌላው መንገድ ነው። እዚህ ግን ከሌላው ከተማ የተለየ ነገር አለ። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በ1970 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፣ በዙሪያቸው የሚሠራው ቤት በቅርስ ጥበቃ ደንብ ይገደባል፤ ለአብያተ ክርስቲያናቱ ቅርብ የነበሩ ቤተሰቦችም ከዓመታት በፊት ተነሥተው ሌላ ሰፈር መግባታቸውን ታስታውሳላችሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቤት የገዛ ሰው ፎቅ ልጨምር ቢል ላይፈቀድለት ይችላል። ከዚህም ሌላ ላሊበላ ያለው አብዛኛው ደመወዝ ከእንግዳ ነው፣ ላሊበላ ያለ ቤትም ኪራዩ ከእንግዳ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ይቆማሉ። አስጎብኚ የሆነ ሰው፣ ከቻለ፣ የሚከራይ ቤቱ ወልድያ ወይም ደሴ ወይም ባሕር ዳር ቢሆንለት፣ ተከራዩም መንግሥት ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ቢሆንለት ይሻለዋል እንላለን። ደመወዟን ከመንግሥት የምትቀበል መምህርት ግን ላሊበላ ብትሠራም ያን ያህል አትፈራም።

አንድ ነገር ቀረን፤ ርቀት። መምህርታችን ላሊበላ ከገባች በኋላ የአዲስ አበባው ቤት ጠባቂ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉ የሚሰጠው ለአክስት ልጅ ነው። ጥሩ፤ ዘመድ ከሌላ ሰው ይሻላል። ግን የአክስት ልጅም ውክልና ይኑረው፣ ውክልናውም ምን ምን እንደሚፈቅድ ይጻፍ፤ ማከራየት፣ ውል ማስመዝገብ፣ መዋጮ መክፈል። መሸጥ የሚለው ቃል እንዳይገባበት። ኪራዩ በቀጥታ ወደ እሷ የባንክ ሒሳብ ይግባ እንጂ በእሱ እጅ አይለፍ፤ እሱንም ከሐሜት ያድነዋል። ለድካሙ በወር የምትሰጠውን በግልጽ ትቁረጥለት። "ዘመዴ ነው፣ ምን ይለኛል" ብላ በዝምታ ያለፈችው ነገር ለልቅሶ ቤት ወሬ ይሆናል። ተከራይ ሲወጣ ቤቱን በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ይላክላት፤ መብራቱና ውሃው ምን ያህል እንደቆጠረ ከነቆጣሪው ይታይ። የሕንፃው ማህበር ለስብሰባ ሲጠራም እሱ ይገኝላት፣ ያልተገኘ ባለቤት መዋጮው ሲጨመርበት እንኳ አይሰማምና።

የቤት ኪራይ ገቢ ግብርን አሳውቆ መክፈልን በተመለከተ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይዘን እንመለሳለን። ውላችሁን ለማስመዝገብ ስትሄዱ መታወቂያችሁን፣ የባለቤትነት ማረጋገጫውን ወይም ከመንግሥት ጋር የተዋዋላችሁበትን ሰነድና የተከራዩን መታወቂያ መያዝ አትርሱ።